ወደ ወንበራቸው የገፋሁት ጋሪ

ይህን ነገር ለቅርብ ሰዎቼ ብዙ ጊዜ አውርቼዋለሁ። ሳወራው ግን አንዲት ቦታ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ዘልዬ አልፋለሁ። እናንተ ስለማታውቁኝ ይሆናል፣ ዛሬ ሳልዘል ልጽፈው ቆርጫለሁ።

ስሜ መሪየም ነው፤ የደሴ ልጅ ነኝ። ለንደን ከገባሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ክሮይደን፣ የስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ደጃፍ ተሰልፌ ወረቀቴን ከጠበቅኩበት ጊዜ ጀምሮ ያልሠራሁት ሥራ የለም። ቢሮ አጽድቻለሁ፣ ሆቴል አልጋ አንጥፌያለሁ፣ አቅመ ደካማ አስታምሜያለሁ። ይህ ነገር ሲደርስብኝ ግን ከለንደን ወደ ሰሜን በሚመላለስ የረጅም መንገድ ባቡር ላይ ጋሪ እገፋ ነበር። ጠዋት እንሄዳለን፣ ከሰዓት በኋላ እንመለሳለን። ጋሪው ላይ ሻይና ቡና አለ፣ ሳንድዊችና ብስኩት አለ፤ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ደግሞ ቢራ፣ ወይንና በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጥ ዊስኪ።

እዚህ የማትኖሩ ካላችሁ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። ለንደን ውስጥ ከመሬት በታች በሚሄደው ባቡርና በአውቶቡሱ ላይ መጠጣት ከተከለከለ ቆይቷል። ከከተማ ወጣ በሚሉት ባቡሮች ላይ ግን በአብዛኛው ይጠጣል። ተሳፋሪው ከሱቅ ገዝቶ ይገባል፤ ያልገዛውም እንደ እኔ ያለችው ጋሪ እየገፋች ወንበሩ ድረስ ታመጣለታለች።

ሂጃብ አድርጌ ዊስኪ መሸጤ እንዴት ይመስል እንደነበር አትጠይቁኝ። እኔም ራሴን እንዳልጠይቅ ብዙ እጥር ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፊንስበሪ ፓርክ ሰፈር ሱቅ ያላቸውን ሐጂ ኑሩን ጠየቅኳቸው። የአባቴ አብሮ አደግ ናቸው፤ እዚህ አገር ያለ አባት ያሳለፍኩትን ዘመን እሳቸው ናቸው የሸፈኑልኝ።

«ሐጂ፣ እኔ እኮ አልጠጣም። አንስቶ መስጠት ብቻ ነው። እርስዎ ምን ይሉኛል?»

የሩዝ ከረጢት እየደረደሩ ነበር፤ አቁመው አዩኝ። «ምን እንድልሽ ነው የመጣሽ? እንደማይፈቀድ ታውቂያለሽ። ሌላ ሥራ ፈልጊ ልጄ። እስክታገኚ ያለሽበትን አላህ ያያል።»

ሌላ ሥራ እንደምፈልግ ነግሬያቸው ወጣሁ። አልፈለግኩም። ሥራው ተመችቶኝ ነበር፤ ሰው ማየት፣ መስኮቱን ማየት፣ ማታ አርችዌይ ወዳለችው ቤቴ በጊዜ መግባት። እስክታገኚ ያሉኝን ይዤ ሦስት ዓመት ቆየሁ።

ያ ቅዳሜ በኅዳር ወር ነበር። ወደ ለንደን የምንመለስበት ባቡር ገና ከመነሳቱ ማክዳ መጣችብኝ። ማክዳ በሮቹን የምትከፍትና የምትዘጋ፣ የባቡሩ ተቆጣጣሪ ናት። እናትና አባቷ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ እሷ የተወለደችው እዚሁ ለንደን ነው። አማርኛዋ የራሷ ዓይነት ነው።

«አንቲ መሪየም፣ ዛሬ ማች አለ። ኮች ሲ ፉል ነው፤ ኦልሬዲ ሰክረዋል። አንቺ እዛ አትግቢ፣ ሲሪየስሊ።»

«ሥራዬስ?»

«ስኪፕ አድርጊው። እኔ አላየሁም።»

ግን ጋሪው ከጫፍ ወደ ጫፍ መሄድ ነበረበትና ኮች ሲ ወዳለችው ፉርጎ ገባሁ። የኳስ ደጋፊዎች ነበሩ፤ ወደ ሃያ ይሆናሉ። ከውጭ ይዘውት በገቡት ቢራ ወለሉ ረጥቧል፣ ጣሳው እግር ስር ይንከባለላል። ጠረጴዛ እየደበደቡ ይዘፍናሉ። አንድ ቀይ ጺም ያለው ግዙፍ ሰውዬ መተላለፊያው መሐል ቆሞ እጆቹን ዘረጋ።

«ክፍያ ካልከፈልሽ አታልፊም!» አለኝ፤ ጓደኞቹ ሳቁ። «አንድ ዘፈን ዝፈኚልን!»

አንዱ ከኋላዬ ስለ ሂጃቤ የሆነ ነገር አለ፤ ሁሉም ፈነዱ።  ቀይ ጺሙ ፊቴን አየና ሳቁን አቆመ፤ ወደ ጎን ጠጋ ብሎ አሳለፈኝ። የሚቀጥለውን በር አልፌ ስገባ ትንፋሼ ገና መመለሱ ነበር። ዛሬ አደጋ ከመጣ የሚመጣው ከዚያ ክፍል ነው ብዬ ልቤ ሙሉ ነበር። ወላሂ ሌላ ነገር አልታየኝም።

ሽማግሌው የተቀመጡት ከዚያ ቀጥሎ ባለው ጸጥ ያለ ክፍል ነበር። ዕድሜያቸው ከስልሳ በላይ ነው፤ ግራጫ ኮት፣ በደንብ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ የተላጨ ፊት። ከጉልበታቸው ላይ የወረቀት ቦርሳ አለ፤ በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«ሻይ እባክሽ፣» አሉኝ። «ወተት ጨምሪበት። ስኳር አያስፈልግም።»

ቀዳሁላቸው። ደረቴ ላይ ያለውን ስም አነበቡ። «መሪየም። ቆንጆ ስም ነው። ልጆች አሉሽ?»

«አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ናት።»

«እኔ የልጅ ልጄን ለማየት ነው የምሄደው። ሦስት ወሯ ነው፤ አይቻት አላውቅም። ልጄ ጣቢያው ላይ ትቀበለኛለች።» ከቦርሳው ውስጥ የተጠቀለለ ቢጫ ሹራብ አወጡና አሳዩኝ፤ መዳፍ የምታክል ነገር። «ትልቅ ይሆናት ይሆን?»

«ያድጋሉ፤ በአንድ ወር ልክ ይሆናታል፣» አልኳቸው።

ሳቁ። ቀጥሎ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው ሳላውቅ፣ «አስራ አንድ ወር ሆነኝ፣» አሉ። ምን አስራ አንድ ወር እንደሆናቸው አልገባኝም። ከልጃቸው ከተለያዩ ነው ብዬ አሰብኩ። ዓይናቸው ከሻይ ማንቆርቆሪያው ወደ ላይኛው መደርደሪያ ሄዶ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩ። እኔም ጋሪዬን ገፍቼ ሄድኩ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ባቡሩ ሜዳ መሐል ቆመ። የሲግናል ብልሽት ነው ተባለ። አምስት ደቂቃ ሲሉን አስር ሆነ፤ አስር ሲሉን ሃያ። ደጋፊዎቹ ጣሪያውን እየደበደቡ ይጮሃሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ሁሉ ይቆጣል፣ ይጠማል፤ ስለዚህ ጋሪው እንዲዞር ነው የሥራው ደንብ። ዞርኩ።

ሽማግሌው ስልክ ላይ ነበሩ። «አዎ የኔ ልጅ... ቆሟል... አይ፣ ሰበብ አይደለም፣ እውነት ባቡሩ ቆሟል... ክሌር፣ እባክሽ አትሂጂ፣ ጠብቂኝ።» ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ሻይ ልጨምርልዎ?»

ዓይናቸው ወደ ላይኛው መደርደሪያ ተመለሰ። «አንዷን ዊስኪ ስጪኝ፣» አሉ። «አንድ ብቻ። ነርቬን ታረጋጋልኛለች።»

ሰጠኋቸው። ምን ነበር የማደርገው? አዋቂ ሰው ነው፣ ጨዋ ሰው ነው። በአንድ ትንፋሽ ጨለጧት። ስመለስ ሁለተኛ ጠየቁኝ። ባቡሩ እንደቆመ ነው፤ ሦስተኛም ሰጠኋቸው። በመጨረሻ ባቡሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር የመጨረሻውን ዙር ዞርኩ።

ዘልዬ የማልፋት ቦታ ይቺ ናት።

ሽማግሌው ሲጠሩኝ ስሜን አበላሹት። ምላሳቸው ተሳስሮ ነበር። ቢጫው ሹራብ ወለል ላይ ወድቋል፤ አላዩትም። ፊታቸው ቀልቷል፣ ሸሚዛቸው ላይ ፈሷል። «አንዲት... የመጨረሻ፣» አሉኝ። የሰከረ ሰው አይሸጥለትም። ይህ ደንብ ነው፤ ሥልጠናው ላይ ፈርሜበታለሁ። አየኋቸው፤ እንደሰከሩ አወቅኩ። «አይ፣ ይብቃዎ፣ አባቴ» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር።

ግን ከዓመት በፊት አንዱን የሰከረ ተሳፋሪ እምቢ ብዬው ነበር። ያዘውን ትኩስ ቡና ጋሪዬ ላይ ደፍቶ፣ ባቡሩ በሙሉ እየሰማ ሰድቦኛል። አቤቱታ ጻፈብኝ፤ አለቃዬ ጠርቶ ያለኝ «ለወደፊቱ ለዘብ ብለሽ አናግሪ» ብቻ ነው። ያን ቀን ከደጋፊዎቹ ክፍል ገና መውጣቴ ነበር፤ ሌላ ጩኸት አልፈለግኩም። ልንደርስ ነው፣ ልጃቸው ትቀበላቸዋለች አልኩ በልቤ። አራተኛዋን ጠርሙስ አነሳሁና ሰጠኋቸው። ሹራቡን ከወለል አንስቼ ቦርሳቸው ውስጥ ከተትኩላቸው። በደግነቴ ረክቼ ሄድኩ።

ለንደን ስንደርስ አመሻሽ ላይ ነበር፤ የጣቢያው መብራት በርቷል። በሮቹ ተከፈቱ፣ ሰው ፈሰሰ። ጋሪዬን እያሰርኩ በመስኮት አየኋቸው፤ ቦርሳቸውን ታቅፈው በሩ ላይ ቆመዋል። አንድ እግራቸውን አወጡ። ሁለተኛው መሬቱን ያገኘ አልመሰለኝም። ወደ ጎን ተንከባለሉና ጭንቅላታቸው የሲሚንቶውን ጠርዝ መታው። ድምፁን ሰማሁት። እስከ ዛሬም እሰማዋለሁ።

ዘልዬ ወረድኩ። ከእኔ ቀድሞ የደረሰው ያ ቀይ ጺሙ ነበር። ተንበርክኮ ጃኬቱን አውልቆ ከጭንቅላታቸው ስር አስገባ። «ወደ ኋላ! አየር ስጡት!» ብሎ ሲጮህ ያ ሲዘፍን የነበረ ሁሉ ክብ ሠርቶ ሰው አራቀ። ማክዳ በሬዲዮ አምቡላንስ ትጠራለች፤ ድምፅዋ እንደ ሕፃን ቀጥኗል።

እጃቸውን ያዝኩ። ዓይናቸውን ገለጡ፤ አወቁኝ። «ለክሌር...» አሉ። «እባክሽ... እንዳትነግሪያት።»

«ዝም ይበሉ፣ አይናገሩ። አምቡላንስ እየመጣ ነው።»

«እንዳትነግሪያት፣» ደገሙት። ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

አንዲት ሴት ሕፃን ደረቷ ላይ ታቅፋ እየሮጠች መጣች። ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ የሽማግሌው አፍንጫ ፊቷ ላይ ነበር። ጎንበስ አለች፤ አሸተተቻቸው። ቀና ስትል ፊቷ ላይ የነበረው ድንጋጤ ጠፍቶ ሌላ ነገር ገብቶበታል፤ ያ ሌላው ከድንጋጤው ይከፋል።

«ጠጥቷል፣» አለች። «አባቴ ጠጥቷል። ዛሬም!» ለማንም አልነበረም የተናገረችው። ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች። እኔ እጃቸውን አልለቀቅኩም።

ማክሰኞ ማክዳ ደወለችልኝ። «አንቲ... ሰውዬው ሞተ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ነው አሉ።» ኢንና ሊላሂ አልኩ። ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ስትደውል አላነሳሁም።

እዚህ አገር ሰው እንዲህ ሲሞት ኢንኩዌስት የሚሉት፣ አሟሟቱ የሚጣራበት ችሎት ይቀመጣል። ምስክር ሆኜ ተጠራሁ። ከቀኑ በፊት አለቃዬ ቢሮው አስጠራኝ።

«ሰውዬው ጠጥቶ ነው የተሳፈረው፤ እንደዚያ ነው የምንገምተው፣» አለኝ። «ቤቱ ምን ያህል እንደጠጣ አንቺ ማወቅ አትችዪም፣ አይደል?»

«ሲሳፈሩ ደህና ነበሩ።»

«ሐኪም አይደለሽም መሪየም። የማታውቂውን አላውቅም ማለት ውሸት አይደለም። ለሁላችንም ይቀላል።»

ማክዳም ለእኔ አስባ ያንኑ ነገረችኝ። «አንቲ፣ ሊሰን። ኮንፊርም አታድርጊ። ሲሰክር አላየሁም በዪ፣ ፊኒሽ። ጆብሽን ታጪያለሽ እኮ! ደግሞ እሱ ራሱ አትንገሪ ብሎሻል።»

እሱ ራሱ አትንገሪ ብሎሻል። ይህ ነገር ሌት ተቀን ተመላለሰብኝ። የሟች ኑዛዜ ነው ብዬ ዝም ብል ሰላም አገኝ ይሆን? ግን ልጅቷ መጠጣታቸውን እዚያው አሽትታ አውቃለች። ዝም ካልኩ የማድነው እሳቸውን አልነበረም።

ችሎቱ ትንሽ ክፍል ነው፤ እንደ ትምህርት ቤት ወንበር የተደረደረበት። ክሌር ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ቁርኣን ይዤ ማልኩ። የችሎቱ ሰብሳቢ ብዙ ጠየቀኝ፤ መለስኩ። መጨረሻ ላይ ቤተሰብ ጥያቄ ካለው ተባለና ክሌር ቆመች። ወረቀት ይዛለች፤ አላየችውም።

«አባቴ አልኮል ካቆመ አስራ አንድ ወሩ ነበር፤ እሱ እንደዚያ ነው የነገረኝ፣» አለች። ያን ጊዜ ገባኝ። «ከመሳፈሩ በፊት ጠጥቶ ነበር ይላሉ። እንደዚያ ከሆነ አስራ አንድ ወር ሙሉ ዋሽቶኛል ማለት ነው። አንቺ አይተሽዋል። ሲሳፈር ሰክሮ ነበር?»

አለቃዬ ከኋላ ተቀምጧል፤ ማየት አላስፈለገኝም።

«አልሰከሩም፣» አልኩ። «አፋቸውም አይሸትም፤ ጎንበስ ብዬ ነው የቀዳሁላቸው። መጀመሪያ ያዘዙኝ ሻይ ነው፣ ያለ ስኳር። አስራ አንድ ወር ሆነኝ ብለውኛል፤ እኔ አልገባኝም። ባቡሩ ቆሞ አንቺ ትሄጃለሽ ብለው ሲጨነቁ አንዷን ጠየቁኝ። እኔ ነኝ ይዤላቸው የሄድኩት። አራተኛዋን ስሰጣቸው እንደሰከሩ አውቅ ነበር። መከልከል ነበረብኝ፤ ፈርቼ ሰጠኋቸው።»

 ክሌር እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች፤ ቆይታ ቆይታ ተቀመጠች። ትከሻዋ ይርገበገብ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ተከትላኝ መጣች። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት እጇን ዘረጋችና አስቆመችኝ።

«ይቅር አልልሽም፣» አለችኝ። «አሁን አልችልም። ምናልባት መቼም አልችልም። ግን አባቴን መልሰሽልኛል።» ይህን ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አይቻት አላውቅም።

ሥራውን በዚያው ሳምንት ተውኩት። ያባረረኝ የለም፤ ጋሪውን መግፋት አቃተኝ። አሁን አርችዌይ አካባቢ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነኝ። ሐጂ ኑሩ ጋ ሄጄ ሁሉን ስነግራቸው አልተቆጡኝም፤ «ባስቸኩልሽ ኖሮ» ብለው ራሳቸውን ወቀሱ፤ ያ ደግሞ ሌላ ሕመም ሆነብኝ።

ማክዳ አሁን የምትሠራበትን ባቡር ከመጠጥ ነፃ ለማድረግ ከሠራተኞች ፊርማ ታሰባስባለች። ወረቀቱን ስታመጣልኝ ቶሎ አልፈረምኩም። ነገሩ ቀላል አይደለም። ቀይ ጺሙ ጠጥቶ ነበር፤ ለሽማግሌው ከእኔ ቀድሞ የደረሰላቸው ግን እሱ ነው። ከሥራ ወደ ቤት ሲመለስ አንዲት ቢራ ይዞ ማንንም ሳይነካ የሚተኛ ስንት ሰው አይቻለሁ። ቢከለከልስ ጣቢያው ውስጥ ጠጥተው አይገቡም ወይ? ይገባሉ። ይህን ሁሉ ለማክዳ ነገርኳት።

«ታዲያ ኖ ነው?» አለችኝ።

አንድ ወር አሰብኩበት። በመሐል በእኔ ቦታ የተቀጠረችውን ሴት አገኘኋት፤ ኤርትራዊት ናት፣ ሁለት ልጆች አሏት። ከሥራ በፊት ምን ማወቅ እንዳለባት ጠየቀችኝ። ለእናንተ የነገርኳችሁን ሁሉ ነገርኳት፤ ያቺን ቦታም ሳልዘል። 

«ገብቶኛል፣» አለች። «ግን እምቢ ስለው ቢጮህብኝ፣ ብቻዬን ነኝ እኮ። ማን ነው ከጎኔ የሚቆመው?»

የምመልስላት ነገር ፈለግኩ። ጠንክሪ ልበላት? እኔ ያልሆንኩትን? የባቡሯ ሰዓት ደረሰና ሄደች።

በማግስቱ ፈረምኩ። እናንተ በዚህ ነገር ከእኔ ልትለዩ ትችላላችሁ፤ አልቀየማችሁም። ሲዘፍኑ ስለነበሩት ደጋፊዎች ብትከራከሩኝ ትረቱኝ ይሆናል። እኔ ግን የምለው ይህን ነው፤ ለማቆም የሚታገል ሰው መጠጥ ቤቱን አይቶ መንገድ መቀየር ይችላል። ባቡር ውስጥ ግን መንገድ መቀየር የለም፤ የሚቆምና የሚሄድበትን ሰዓት ሌላ ሰው ይወስናል፣ መጠጡም በእግሩ ይመጣበታል። እኔ ሰባት ጊዜ ያህል በአጠገባቸው አለፍኩ። በእያንዳንዱ ዙር ሽማግሌው ብቻቸውን ከእኔ ጋር ይታገሉ ነበር፤ እኔ ደግሞ ፈገግ ብዬ «የሚፈልጉት ነገር አለ?» እላቸው ነበር።